ዳማ የምትወልደው መቼ ነው?

ይህን ጋዜጣ ከምታነቡት ገበሬዎች ብዙዎቻችሁ በበሬ የምታርሱ ናችሁ። ፈረስ ለመቀመጫ ነው፣ ቢበዛ ለጭነት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ከተማ ያደግሁ ልጅ ስለሆንኩ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ፊደል ለማስተማር ወደ አዊ ደጋ ከሄድኩ በኋላ ግን ፈረስ ሞፈር ሲጎትት በዓይኔ አየሁ። እዚያ አገር ፈረስ ይጫናል፣ ይጋለባል፣ እህል ያበራያል፣ ያርሳል። ሙሽራ በፈረስ ይሄዳል። ለቅሶም በፈረስ ይደረሳል።

ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በእንጅባራ ከተማ አካባቢ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ስለሆነ ይበርዳል። ገብስና ድንች ይበቅላል፤ ሣሩም ለምለም ነው። እኔ ያረፍኩበት ቤት ሰዎች ስማቸውን በጋዜጣ እንዳላወጣ ለምነውኛል። ስለዚህ እንደምጠራቸው አድርጌ ልጻፍ። አባወራውን «አያ» እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን «እታለም»። እነርሱ ደግሞ እኔን በቀልድ «የኔታ» ይሉኛል። ጢም እንኳ በወጉ አላወጣሁም፤ ሆኖም እነርሱ ዘንድ ፊደል የሚያስቆጥር ሁሉ የኔታ ነው።

የፈረሶቹን ስም ማውጣት ግን አልተከለከልኩም። 5 ነበሩ። ዳማ እርጉዝ ባዝራ ናት፤ የቤቱ ዋና ሀብት እርሷ ናት። መጋላ ጠንካራው የጭነት ፈረስ ነው። ሽማግሌው የሚሉት ደግሞ ጥርሱ ያለቀ፣ ግን ልቡ ያልሞተ ሰንጋ ነው። ቦራ 4 ዓመቱ ነው፤ የወተት ጥርሱን ገና ጥሎ አልጨረሰም፣ ጭነትም አልለመደም። አምስተኛዋ የዓመት ግልገል ስትሆን ሚጢ ትባላለች።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ቀን ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።

ቀኑ በእኔ ጥፋት ተጀመረ። ማታ ከበረት ስወጣ የበሩን መወርወሪያ በወጉ ሳልከተው ኖሮ፣ ሌሊት ቦራና ሚጢ ወጥተው ሄዱ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እታለም ለቆጠራ ሲገቡ 3 ፈረስ ብቻ አገኙ። ጩኸታቸው ከእንቅልፌ ገለበጠኝ። ውርጩ በሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሷል። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ሁለቱ ወንበዴዎች ለአጨዳ በደረሰው የጎረቤት ገብስ ውስጥ ቆመው ሲያመነዥጉ ተገኙ። (አመነዥጉ ስል ትልቁ ልጅ «የኔታ፣ ፈረስ አያመነዥግም፤ የሚያመነዥግ በሬ ነው» ብሎ አረመኝ። እውነቱን ነው፤ የፈረስ ሆድ እንደ በሬ 4 ክፍል የለውም።)

ጎረቤትየው ደረሱና የተረገጠውን ገብስ እያዩ ዝም አሉ። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ፤ እሑድ መጥቼ ገብስዎን አብሬ አጭዳለሁ» አልኳቸው። እጆቼን ተመለከቱና «በዚህ እጅ?» ብለው ሄዱ። ይህን ነገር ለምን እንደምጽፈው በኋላ ታያላችሁ።

በዚያ ቀን 3 ትልልቅ ሥራዎች ተደራርበው ነበር። የድንች ነጋዴው አይሱዙ ዋናው መንገድ ላይ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ብቻ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ለፈረስ ክትባት ወደ ቀበሌው መስክ ትመጣለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የታጨደውን ሣር ለመከመር ደቦ ተጠርቷል፤ ጠላውም ተጠምቋል። አንዱም ቢሆን ለነገ የሚባል አይደለም።

4 ኩንታል ድንች መንገድ መውረድ አለበት። አያ ጭነቱን ሊያሰናዱ መጋላን ሲያወጡት በፊት ቀኝ እግሩ ያነክሳል። አጎንብሰው ሰኮናውን አነሱ። ክረምቱን በጭቃ የለሰለሰ ሰኮና ውስጥ ሹል ጠጠር ተሰንቅሮ ነበር። በእንጨት ጫፍ ቀስ አድርገው አወጡት፤ ሆኖም ሥፍራው ሙቀት አለው፤ ሲነኩት ይሸሻል። መጋላ በዚያ ቀን ሊጫን አይችልም። አያ ለቅጽበት አሰቡና ግላሱን አንስተው ወደ ዳማ ሄዱ።

ጠቡ የተነሣው እዚህ ላይ ነው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ እታለም።

«ልጭናት ነዋ።»

«አንተ ሰው፣ ልትወልድ የደረሰችን ባዝራ?»

«የምን መድረስ! ድንጉላ ያገናኘኋት በታኅሣሥ ነው፣ ከገብርኤል በኋላ። 2 ቁና ገብስ የከፈልኩት እኔ ነኝ። የምትወልደው ኅዳር መጨረሻ ነው። እስከዚያ አንድ ጉዞ አይገድላትም።»

እታለም መልስ አልሰጡም። ወደ ቤት ገብተው ከሞሰቡ ኋላ ደብተራቸውን አመጡ። ይህ ደብተር ከእርሳሱ ጋር በላስቲክ የተጠቀለለ ነው። እታለም ማንበብና መጻፍ የተማሩት በቅርብ ነው፤ ፊደላቸው ትልልቅ ነው፣ መስመርም ይስታል። ግን የቤቱን ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ያሰፍሩታል። የእቁብ፣ የተበደረ ማዳበሪያ፣ የዶሮ ጫጩት፣ ሁሉም አለ። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ፦

«ኅዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም. የሚካኤል ለት። እንግዳው ሲበላ ነጩ ፈረስ ገመዱን በጠሰ። ዳማን አገኛት።»

ልጆቹ ሳቁ። አያ አልሳቁም። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ የሚካኤል በዓል አንድ ዘመድ አምባላይ ድንጉላ ተቀምጦ መጥቶ ነበር። ወንዶቹ ቤት ውስጥ ጠላ ይዘው ሲጫወቱ ድንጉላው ሥራውን ሠርቷል። ያየችው እታለም ብቻ ናት፤ ለማንም ባትናገርም ጻፈችው። «በዚያ ለት ማን ይሰማኝ ነበር? ጨዋታ ላይ ነበራችሁ» አሉ።

ባዝራ የምትሸከመው 11 ወር ያህል ነው። በቀን ሲቆጠር 340 ቀን ግድም ይመጣል፤ ጥቂት ቀን ሊቀንስ ወይም ሊጨምር ይችላል። እታለም ጳጉሜን ጨምረው በጣታቸው ሲቆጥሩ፣ እኔም በወረቀት ቆጠርኩ። ከኅዳር 12 እስከዚያ ለት ጠዋት ልክ 340 ቀን ሆነ።

አያ ግላሱን እንደያዙ ቆሙ። የሚከራከሩት ለክብራቸው ብቻ እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። ድንቹ ካልተሸጠ የትልቁ ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ የለም፤ የማዳበሪያው ዕዳም አለ። ነጋዴው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣ አይመጣ አይታወቅም። በሌላ ወገን ደግሞ ባዝራዋ በመጨረሻዎቹ ወራት ከባድ ጭነት ተጭና ቁልቁል ብትወርድ፣ ብትወድቅ ወይም ብታስወርድ፣ 1 ዓመት የተጠበቀ ውርንጭላ ከነእናቱ ሊጠፋ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ማንን ትላላችሁ?

«ጽሑፍ ይሳሳታል» አሉ አያ በመጨረሻ።

«ሰውም ይረሳል» አሉ እታለም።

አያ ግላሱን ከዳማ ጀርባ ላይ ሳይሆን ከሽማግሌው ጀርባ ላይ ጣሉት። ሽማግሌው ግን በአንድ ጉዞ ከ1 ኩንታል በታች ነው የሚችለው። አህያ ያስፈልጋል። አህያ ያለው ማን ነው? ገብሱ የተበላበት ጎረቤት! የሚለምነውስ ማን ነው? ሁሉም እኔን አዩኝ።

ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ቆሜ ምን እንደተናገርኩ በወጉ አላስታውስም። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «እሑድ ልታጭድ ነው ያልከው?» አሉ። «አዎ አባቴ» አልኩ። «እንግዲያው ሁለቱንም አህዮች ውሰድ፤ ግን መወርወሪያውን እኔ ራሴ እዘጋለሁ» አሉኝ። ሁለቱን አህዮች፣ ሽማግሌውንና የእኛን ትከሻ ጨምረን በሁለት ጉዞ 4 ኩንታሉን አወረድን። ሁለተኛው ጉዞ ሲደርስ አይሱዙው ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ትልቁ ልጅ ፊቱ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሸጥን። ዋጋው አያ እንደጠበቁት አልሆነም፤ የነጋዴ ሚዛን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ።

ወደ ክትባቱ መስክ ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። እንደዚያ ያለ ብዙ ፈረስ በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። ዳማ አለ፣ መጋላ አለ፣ ቦራ አለ፣ ጉራቻ አለ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በአማርኛም በአገውኛም ይነጋገራሉ፤ ፈረሳቸውን ሲያባብሉ ግን በአገውኛ ብቻ ነው። አንድ በጣም ያረጁ አባት ያለ እርካብ ዘለው ሲቀመጡ አየሁ። እኔ በእርካብም ቢሆን 3 ጊዜ ሞክሬ ነው የምወጣው።

እኚህ አባት ተራቸውን ሲጠብቁ ስለ ፈረሰኞች ማኅበር አጫወቱኝ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት፣ በኋላም ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ፈረስ የዋለውን ውለታ ለማሰብ የቆመ ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ በእንጅባራ ተሰብስበው ይጋልባሉ፤ ጉግስና ሽርጥ ይታያል። ፈረስ በታሪካችን የስም ምንጭ ጭምር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የሚባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ የፈረሳቸውን ጋማ ያበጥሩ ነበር።

ነገር ግን መስኩ ላይ ደስታ ብቻ አልነበረም። ክትባት ይዘው የመጡትን ያህል፣ ክትባት ፈርተው ፈረሳቸውን ጫካ የደበቁም ነበሩ። «መርፌው ፈረስ ያሳምማል» የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት። አልተቆጣችም። መኪናው ጎማ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ብላ አስረዳች፤ እኔም እንደሰማሁት ልጻፍላችሁ።

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባል አለ። በዓይን በማይታይ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ከፈረስ ወደ ፈረስ በንክኪ አይተላለፍም። የምታስተላልፈው ትንኝ ናት፤ ከዝንብ በጣም የምታንስ፣ ደም የምትመጥ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ረግረጉ ገና ሳይደርቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት ትንኟ ትበዛለች። የምትናከሰውም ይበልጡን ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ ንጋት ነው። የታመመ ፈረስ ያተኩሰዋል፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በአፍንጫው ነጭ አረፋ ይወጣል። ክፉው ዓይነት ከያዘው ከ10 ፈረስ 9ኙ ሊሞት ይችላል። በቅሎ ከፈረስ ይልቅ ትቋቋመዋለች፤ አህያ ብዙውን ጊዜ አትሞትበትም። ሲይዝ መድኃኒት የለውም። ያለው አስቀድሞ መከተብ ነው። ክትባቱ የሚዘጋጀው እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ከተማ ውስጥ ነው።

«መርፌው ያሳምማል የሚሉት ከየት አመጡት?» ብሎ አንድ ጎልማሳ ጠየቀ።

«ከአየሩ አላመጡትም» አለች ሐኪሟ። «አንዳንድ ፈረስ ከተከተበ በኋላ ጥቂት ያተኩሰዋል። ስለዚህ ከክትባት በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ከባድ ሥራ አታሠሩት። ደግሞም ክትባቱ ኃይል የሚሰጠው ዛሬውኑ አይደለም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ተከትቦ በሳምንቱ ቢታመም ሰው መርፌው ነው የገደለው ይላል። ዘግይታችሁ ስለመጣችሁ እንጂ መርፌው አይደለም። ለከርሞ ክረምቱ ሳይገባ ጥሩኝ።»

ያ ጎልማሳ ባለፈው ዓመት አፍንጫው አረፋ የደፈቀ ፈረስ ቀብሯል። ሌላ አልጠየቀም። ወጥቶ ሄደና ከግማሽ ሰዓት በኋላ 2 ፈረስ ከጫካ ይዞ መጣ።

የእኛ ተራ ደረሰ። ሽማግሌው፣ ቦራና ሚጢ ተከተቡ። የመጋላን ሙቀት ለካችው፤ 38 ዲግሪ ነው፣ የጤነኛ ፈረስ ነው። እግሩ ቢያነክስም አላተኮሰውም ብላ ከተበችው፤ ሰኮናውንም በጨው ውሃ እንድናጥብ ነገረችን። ትንሿ ልጅ ዳማን ስታቀርብ ግን ሐኪሟ መርፌውን መለሰችና ወደ ኋላዋ ዞረች። ጡቷን አየች። ጡቷ ሞልቶ ጫፉ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ደርቋል። ከጭራዋ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ላልቷል።

«ይህቺን አልከትብም። ይህ ክትባት ለእርጉዝ አይሰጥም። ለመሆኑ መቼ ነው የምትወልደው ያላችሁት?»

አያ መሬት መሬት አዩ። እታለም ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ግን ጮክ ያለ ነበር።

«ዛሬ ሌሊት ወይ ነገ ነው» አለች ሐኪሟ። «አባቴ፣ እንኳን አልጫኗት!» አያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማን ይጭናታል!» አሉ።

ሐኪሟ ትንሽ የአዮዲን ጠርሙስ ሰጠችን፤ በእታለም ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይም 3 መስመር ጻፈች። «1 ሰዓት፣ ይቆማል። 2 ሰዓት፣ ይጠባል። 3 ሰዓት፣ የእንግዴ ልጅ ይወርዳል። ካልሆነ ደውሉልኝ።» ወደ ሌላ ፈረስ አለፈች።

ስለ ድርቆሹ ብዙ አልልም፤ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁና። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። እኔ ሣሩ ከእርጥበቱ ጋር ቢከመር ምን አለበት ብዬ ነበር። ሻጋታ ያወጣል አሉኝ። በሬ የሻገተ ነገር ቢበላ ብዙም ላይጎዳው ይችላል፤ ፈረስን ግን ያስለዋል፣ ሆዱንም ይቆርጠዋል። ፈረስ ደግሞ ማስታወክ አይችልም፤ የበላው ክፉ ነገር ወደ ላይ አይመለስም። ስለዚህ ሣሩን ሲያብብ አጭዶ፣ 2 ወይም 3 ቀን በፀሐይ እየገለበጡ አድርቆ፣ ከዚያ ነው መከመር። ፈረሶቹ ተከትበው ስላረፉ ሣሩን በትከሻችን አጋዝን። ደመና እንጅባራ በኩል ጠቆረ፤ ደቦው በሩጫ ሆነ። ጠላው ግን ሩጫውን አላስተጓጎለም፤ እንዲያውም ረዳ ይመስለኛል። የመጨረሻው መንሽ ሲወረወር ጠብታ ጀመረ። ጥግ ላይ የቀረ ትንሽ ሣር ረጥቧል፤ ለአህዮቹ ባለቤት በሬ ሰጠነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረሶቹ ሁሉ ጋጣ ገቡ። ከዚህ በፊት በጥቅምት ሌሊቱን መስክ ያድሩ ነበር። አያ ሐኪሟ ስለ ትንኝ የተናገረችውን አልረሱም፤ በር ላይም ጭስ አጨሱ። መወርወሪያውን ሁለት ጊዜ አየሁት። ሦስተኛ ጊዜ እታለም አዩት።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ትምህርት ጀመርን። በዚያ ምሽት 9 ጎልማሶች ነበሩ፤ ሁሉም ደክመዋል፤ አንዱ «ሰ» ላይ አንቀላፋ። ብዙም ሳይቆይ ትንሿ ልጅ እየሮጠች ገባች። ዳማ ያልባታል፣ ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ሆዷን ዞራ ታያለች። ትምህርቱ ተበተነ። ተማሪዎቼ ሁሉ ወደ ጋጣው ሊጎርፉ ሲሉ እታለም በር ላይ ቆመው ከለከሉ። «ሴት ልጅ ስትወልድ ገበያ ይቆማል እንዴ?» አሉ። እታለም፣ አያ፣ ትልቁ ልጅና እኔ ብቻ ቀረን። እኔን ያስገቡኝ ባትሪ እንድይዝ ነው።

ከምሽቱ 5 ሰዓት አለፍ ሲል ሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። መጀመሪያ አንድ ሰኮና ታየ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ በሁለቱ እግሮች ላይ የተኛ አፍንጫ። አያ በረጅሙ ተነፈሱ፤ አመጣጡ ልክ ነው። ማንም አልጎተተም። በ5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውርንጭላዋ ጭድ ላይ ወደቀች። ሴት ናት፤ እርጥብና ጥቁር። እኔ ቸኩዬ እትብቷን በምላጭ ልቆርጥ ስል እታለም እጄን መቱኝ። እትብት እናትየው ስትነሣ ራሱ ይበጠሳል። ከተበጠሰ በኋላ በአዮዲን አራሱት።

አሁን ደብተሩ ወጣ። ትልቁ ልጅ በባትሪው ብርሃን አነበበና፣ «1 ሰዓት ይቆማል ይላል። እንግዲያውስ ነገ ጧት 1 ሰዓት ነው» አለ። አያም አመኑት፤ ሊተኙ ተነሡ። ደግነቱ እታለም አልተቀበሉም። «ነገ ጧት ድረስ ካልጠባች ትሞታለች እኮ! ከተወለደች በኋላ ባለው 1 ሰዓት ማለቷ ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ በሽታ የሚከላከል ኃይል ያለበት ነው፤ ውርንጭላ ያንን ኃይል ከእንገሩ ካላገኘች ከሌላ አታገኘውም። ዘግይቶ ቢጠባም አንጀቷ አይቀበለውም። እኔ አስተማሪ ነኝ ባይ ያን አጻጻፍ ቀን አይቼው አሻሚ መሆኑ አልታየኝም ነበር። በርሳሱ «ከተወለደ በኋላ» የሚል ጨመርኩበት።

ውርንጭላዋ 3 ጊዜ ተነሥታ 3 ጊዜ ወደቀች። እግሯ ከሰውነቷ ይረዝማል። በ6 ሰዓት ከ10 ላይ ቆመች። ከዚያ ጡቱን ከፊት እግር መካከል ትፈልጋለች፣ የግድግዳውን ጭቃ ትጠባለች፣ የአያን ጋቢ ትጠባለች። 1 ሰዓት ሄደ። ማንም አያወራም። አያ ሊያሳዩዋት ሲጠጉ ዳማ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፤ ተመለሱ። በ7 ሰዓት ከ5 ላይ ጧ የሚል ድምፅ ሰማን። አገኘችው። እታለም ጻፉ።

የእንግዴ ልጁ ግን ሊወርድ አልቻለም። 7 ሰዓት ተኩል ሆነ። 8 ሰዓት ሆነ። በባዝራ ማኅፀን የቀረ የእንግዴ ልጅ ገዳይ ነው፤ እንደ ላም ቀናት አይሰጥም። አያ በእጃቸው ሊስቡት አሰቡ። እታለም ደብተሩን አሳዩአቸው፤ ሳቡ አይልም፣ ደውሉ ነው የሚለው። ስልኩ ደግሞ በዚያ ጎድጎድ ያለ ሥፍራ አይሠራም። ትልቁ ልጅ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ሊደውል ጫማውን ማሰር ጀመረ። አንዱን እግር አስሮ ሁለተኛውን ሳይጨርስ በ8 ሰዓት ከ10 ወረደ። እታለም በባትሪ ዘርግተው እያገላበጡ ሙሉ መሆኑን አዩ፤ የጎደለ የለውም። ልጁ በአንድ ጫማ እዚያው ጭዱ ላይ ተኛ።

አያ ውርንጭላዋን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና በድንገት ፊታቸው በራ። «እንዴ! ጥቁር ናት!» አሉ። «የእንግዳው ድንጉላ ነጭ አልነበር? የታኅሣሡ ነው ጥቁሩ። ይህቺ የእኔ 2 ቁና ገብስ ናት!»

«በ300 ቀን የተወለደች ውርንጭላ እንዲህ ትቆማለች?» አሉ እታለም። ደብተሩን ከፍተው ሌላ መስመር ጀመሩ። አያ አልተረቱም።

በሳምንቱ ሐኪሟ ዳማን ልታይ ስትመጣ መጀመሪያ የተጠየቀችው ይህንኑ ነው። አምባላይ ፈረስ ሲወለድ ነጭ አይደለም አለች። ጥቁር ወይም ዳማ ሆኖ ይወለዳል፤ ዕድሜው ሲጨምር ነው ጠጉሩ ቀስ በቀስ የሚነጣው። ብዙውን ጊዜ ነጩ ጠጉር የሚጀምረው በዓይን ዙሪያ ነው፤ መነጽር ያደረገ ይመስላል። ጥቂት ወር ጠብቁ ብላ ሄደች።

እኔ እስከ ታኅሣሥ እዚያው ነበርኩ። አያ በየጧቱ ፈረሶቹን ከማውጣታቸው በፊት ውርንጭላዋን በር ላይ ወደ ብርሃን አዙረው፣ ጎንበስ ብለው ዓይኗን ያዩ ነበር። አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ «የኔታ፣ ያንተ ዓይን ወጣት ነው፤ እዚህ ጋ ነጭ ጠጉር ይታይሃል?» አሉኝ። ይታየኝ ነበር። 3 ወይም 4 ጠጉር ነው።

«አቧራ ነው መሰለኝ» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።